«ባለፈው የት ላይ ቆመ?»

በአዲስ አበባው ሸማ ተራ ገበያ ሲቀዘቅዝም እጅ አይቦዝንም። አንዷ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች፤ ሌላው፣ ደንበኛ ዘርግቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ የተወውን ጋቢ መልሶ ያጥፋል። ዓይንም ቢሆን ከጥለቱ አይነሳም። ሥራ የሚፈታው ጆሮ ብቻ ነው። ሸማው በሚሠራባቸው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ቤቶች ደግሞ ይብሳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲልክ ቀና ብሎ ቴሌቪዥን ልይ ቢል ድሩ ይበጠስበታል። ሬዲዮ ግን ከጎኑ ሆኖ ያጫውተዋል። ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ የሚስማማው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ እጁም ዓይኑም ለተያዘበት።

ነገሩን ለማያውቀው ባጭሩ ላስተዋውቅ። አንድ ረጅም ታሪክ ተቆራርሶ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። መቼቱ ብዙ ጊዜ ገጠር ነው፤ አንድ መንደር፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ጠላ ቤት ይበቃዋል። ያለው ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሁሉም በድምፅ ይነገራል። ዶሮ ከጮኸ ነግቷል፤ ውኃ ከተንዶቀዶቀ ሴቶቹ ምንጭ ወርደዋል፤ የፈረስ ኮቴ በዝቶ ጩኸት ከተከተለ ጠላፊዎች መጥተዋል። በመጨረሻ በር ይንኳኳል። ማን እንደሆነ ሳይነገረን ሙዚቃው ይገባና ክፍሉ ያልቃል። ደራሲው ይህን የሚያደርገው ሆን ብሎ ነው።

ዋናው ጨዋታ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሳምንት ነው።

«እትዬ፣ ያለፈውን ሳልሰማ ቀረሁ፤ የት ላይ ቆመ?»

«ልጅቷን ወሰዷታ!»

«አባቷስ?»

«አባቷማ አብሮ መክሮ የለ እንዴ!»

የሚቀጥለውን ሱቅ የያዘው ሰው ሳይጠሩት ይገባበታል፤ «እኔ ብሆን ቀጥ ብዬ ለፖሊስ ነበር»። ጫፍ የምትቋጨዋ ቀና ሳትል «ፖሊሱስ የማን ዘመድ ሆነና?» ትለዋለች። ከዚህ ወዲያ ወሬው ከድራማው ይወጣል። የሰፈሩ ጉዳይ፣ የአገር ቤት ዘመድ፣ ስሟ የማይጠራ የአንዲት ልጅ ታሪክ ይከተላል። ያልሰማው ሰው ከሰማው በላይ ተከራክሮ ይገባል። በእኔ ግምት ድራማው የሚሠራው እዚህ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው መነሻው ብቻ ነው።

በአገራችን ይህንን አድማጭን በድራማ የማከራከር ዘዴ አስልቶ የተጠቀመበት ትልቁ ሥራ «የቀን ቅኝት» ይመስለኛል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት አዘጋጅቶት፣ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ 257 ክፍል ተላልፏል። በዚያው ዘመን «ዲምቢባ» የተሰኘ 140 ክፍል ያለው ድራማም በኦሮምኛ ቀርቧል። በጊዜው የድርጅቱ የኢትዮጵያ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ቀደም ሲል የብሔራዊ ሥነ ሕዝብ ጽሕፈት ቤትን የመሩ ሰው ናቸው። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሲነገር እንቅልፍ የሚያመጣውን የቤተሰብ ምጣኔ፣ የኤች አይ ቪ፣ የጠለፋና የሴት ልጅ ትምህርት ጉዳይ፣ ከፍቅርና ከቅናት ጋር አድርገው ለሕዝብ አቀረቡት። አድማጩ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጻፈ። ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ መጻፍ ዛሬ በስልክ አውራ ጣት ቀስሮ ከመሄድ ጋር አንድ አይደለም።

የዘዴው የዘር ሐረግ ሲቆጠር፣ ሸማ ተራን ደስ በሚያሰኝ ሁኔታ፣ ከልብስ ስፌት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ፔሩ ውስጥ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ጀመረ። ማሪያ ከገጠር ወደ ሊማ መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ ናት። ማታ ማታ ፊደል ትቆጥራለች፤ ስፌት ትለምዳለች፤ በሲንጀር የስፌት መኪናዋ ኑሮዋን ቀና ታደርጋለች። ድራማው ዓላማው ማዝናናት ብቻ ነበር። ሆኖም የቤት ሠራተኞች ማንበብና መስፋት ለመማር ተንጋጉ፤ የሲንጀር ሽያጭ አሻቀበ፤ ኩባንያው ለተዋናይቱ የወርቅ ሲንጀር ሸለማት። ማሪያ ፊደል ያስቆጠራትን መምህር ስታገባ፣ ሠርጉ የተቀረፀበትን የሊማ ቤተ ክርስቲያን 10,000 ያህል ሰው ከበበው፤ ስጦታ ይዞ የመጣም ነበረበት።

ሚጉኤል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ሰው ይህን አይቶ፣ ሳይታሰብ የሆነው ታስቦበት ቢሠራስ ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1975 የጎልማሶች ትምህርትን የሚያበረታታ ድራማ ሠራ። የእሱ ዘዴ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይፈልጋል። አንደኛው መልካም ሠርቶ መልካም ያገኛል፤ ሁለተኛው ክፉ ሠርቶ ዋጋውን ይቀበላል። እነዚህን ሁለቱን ማንም ተረት ነጋሪ ያውቃቸዋል። ቁም ነገሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። እሱ መሃል የቆመ ነው፤ ያመነታል፤ ዛሬ ወደዚህ ነገ ወደዚያ ይላል፤ ይወድቃል፤ ይማራል። አድማጭ ራሱን የሚያየው በእሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ጭቅጭቅ የሚያስነሳውም እሱ ነው፤ ስለ ጻድቅማ ማን ይጨቃጨቃል? ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1993 ታንዛኒያ ገብቶ «ትዌንዴ ና ዋካቲ» በተሰኘ የሬዲዮ ድራማ ተሞከረ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ እኛ ደረሰ።

እድሜ ከተባለ ግን እንግሊዞችን የሚያህል የለም። የቢቢሲው «ዘ አርቸርስ» በመላ አገሪቱ መሰማት የጀመረው ጥር 1 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም አላለቀም። አምብሪጅ የተባለ በካርታ የማይገኝ የገበሬ መንደር ፈጥረው፣ ምግብ በራሽን ይታደል በነበረበት ዘመን ለገበሬው የእርሻ ምክር በጨዋታ መሃል ጣል እያደረጉ ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1955 ግሬስ የተባለችውን ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ፣ የመጀመሪያው የንግድ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ምሽት፣ በጋጣ እሳት ገደሏት። በማግስቱ አገሩ ስለ አዲሱ ቴሌቪዥን ሳይሆን ስለ ግሬስ አወራ። እኔ ይህን ሳነብ ተንኮሉን አደነቅሁ።

እኛም ቢሆን ጆሯችን ከ«የቀን ቅኝት» በፊት ሠልጥኗል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የጎጃም ገጠር በአንድ ሰው ጉሮሮ አዲስ አበባ ገባ። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ስንት ሰው የልቦለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቱ ያውቀዋል! በእርግጥ ያ ትረካ እንጂ ድራማ አይደለም፤ መጨረሻውም አስቀድሞ ታትሟል፤ የቸኮለ መጽሐፉን ገዝቶ መገላገል ይችል ነበር። የ«የቀን ቅኝት»ን አድማጭ የሚገላግለው አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምን አመጣ? ከሥርጭቱ በኋላ በተደረገው ጥናት፣ ድራማውን የሰሙ ወንዶች ካልሰሙት በአራት እጥፍ፣ ሴቶች ደግሞ በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው ተገኙ። በአማራ ክልል ካገቡ ሴቶች መካከል፣ የቤተሰብ ምጣኔ ዘዴን ተጠቅመን እናውቃለን ያሉት ድርሻ በአድማጮቹ ዘንድ በ55.1 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር፣ ካልሰሙት ዘንድ በ24.1 ብቻ ነው የጨመረው።

ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ቢሆንም እንዳለ አልውጠውም። ሬዲዮ ያለው ሰው ከሌለው የተሻለ ኑሮ፣ የተሻለ ትምህርት፣ ለከተማና ለጤና ጣቢያ የቀረበ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ድራማው ባይኖርም ቀድሞ ይመረመር ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መግባት የጀመሩትም በዚያው ሰሞን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሸማ ተራን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል። «አልሰማሁም» ብሎ የተመዘገበው ሰው ማን ነው? ከእትዬ አፍ እየተቀበለ ስንት ክፍል የተከታተለውም ለጠያቂው «ሬዲዮ የለኝም፣ አልሰማሁም» ይላል። እውነቱንም ነው። ጥናቱ ሰሚና ያልሰማ ብሎ የለያቸው ሁለት ሰዎች አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ የከረሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ድርጅቱ በኋላም «መንታ መንገድ»፣ «ስብራት» እና «ምዕራፍ» የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎችን አሰምቷል። ከዚያ ኤፍ ኤሙ በዛ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ አስተርጉሞ መጣ፤ ስልኩ ደግሞ ሁሉንም በኪስ አስገባው። ሬዲዮ ከሸማኔው ጎን አልተነሳም፤ ጆሮውን ግን አሁን ብዙዎች ይሻሙበታል። በዩቲዩብ የተጫነ ትረካ አለ፤ በሚሞሪ የተሞላም አለ። በጆሮ ማዳመጫ አሥሩን ክፍል በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ለማወቅም ጣት ማስነካት ይበቃል፤ ባለሱቁ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ የሚልበት፣ ቋጪዋም የምትመልስበት ሳምንት የለም።