ጭሰኞች መንግሥትን ያስገደዱበት ምርጫ

የማሟያ ምርጫ የሚደረገው አንድ የፓርላማ ወንበር ከመደበኛው ምርጫ በፊት ባዶ ሲሆን ነው። የሚተካው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ጉዳይ ሆኖ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1828 በአየርላንድ ገጠር፣ በክሌር ግዛት የተካሄደው ግን የብሪታንያን ሕግ አስለውጧል። ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ስላልነበራት ሕጓ የሚወጣው ለንደን ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ ሲሆን አብዛኛው መሬት በፕሮቴስታንት ባለርስቶች እጅ ነበር። ካቶሊኮች ከ1793 ወዲህ መምረጥ ቢፈቀድላቸውም ፓርላማ መግባት አይችሉም ነበር። የሚያግዳቸው ቃለ መሐላው ነው፤ ተመራጩ ወንበሩን ለመያዝ የካቶሊክ እምነትን የሚያወግዝ ቃል መማል ነበረበት።

በገጠር ድምፅ ከሚሰጡት ብዙዎቹ በዓመት 40 ሽልንግ የሚገመት ይዞታ ያላቸው ጭሰኞች ነበሩ። ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ ስላልነበረ መራጩ የሚደግፈውን ዕጩ ስም በሰው ፊት ይናገራል፤ የባለርስቱ ወኪልም ይሰማል። ጌታውን የተቃወመ ጭሰኛ ከመሬቱ ሊነቀል ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለርስቶች የጭሰኞቻቸውን ድምፅ እንደራሳቸው ሀብት ይቆጥሩት ነበር።

የክሌር እንደራሴ ቬሲ ፊትዝጀራልድ በጠቅላይ ሚኒስትር ዌሊንግተን መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በጊዜው ሕግ አዲስ የተሾመ ሚኒስትር መራጮቹ ዘንድ ተመልሶ እንደገና መወዳደር ነበረበት። ፊትዝጀራልድ የካቶሊኮችን መብት የሚደግፍ፣ በአካባቢውም የተከበረ ሰው ስለነበር ማሸነፉ የተረጋገጠ መሰለ። ይሁንና ካቶሊኩ ጠበቃ ዳንኤል ኦኮኔል ራሱ ሊገጥመው ተነሣ። ኦኮኔል በ1823 የተመሠረተውና ከድሃው በወር አንዳንድ ፔኒ እያሰባሰበ ገጠሩን ያደራጀው የካቶሊክ ማኅበር መሪ ነበር።

ገበሬዎቹ ካህናታቸውን ተከትለው፣ ከመጠጥ ታቅበውና ሥርዓት ይዘው ድምፅ ወደሚሰጥባት ኤኒስ ከተማ ጎረፉ። በባለርስቶቻቸው ፊት የኦኮኔልን ስም ተናገሩ። ኦኮኔልም 2,057 ለ982 በሆነ ድምፅ አሸነፈ።

አሁን መንግሥት ተጨነቀ። ሕዝብ የመረጠውን ሰው በመሐላ ሰበብ በር ላይ ቢመልሰው አየርላንድ ልትነድድ ትችላለች። የካቶሊኮችን ጥያቄ ለዓመታት ሲቃወሙ የኖሩት ዌሊንግተንና ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል አቋማቸውን ለወጡ፤ ለካቶሊኮች የፓርላማን በር የከፈተው ሕግም በሚያዝያ 1829 ጸደቀ። ሕጉ ወደ ኋላ ስለማይሠራ ኦኮኔል በክሌር እንደገና መመረጥ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ተመረጠ።

ከመብቱ ጋር ግን ቅጣት መጣ። በዚያው ጊዜ የወጣ ሌላ ሕግ በአየርላንድ ገጠር ለመምረጥ የሚያበቃውን የይዞታ ግምት ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት እጥፍ፣ ከፍ አደረገው። ኤኒስ ድረስ ተጉዘው ታሪክ የሠሩት ጭሰኞች ድምፃቸውን ተነጠቁ። ፓርላማ የገቡት ሀብትና ትምህርት የነበራቸው ካቶሊኮች ሲሆኑ፣ ዋጋውን የከፈለው ግን መሬቱን ለአደጋ አጋልጦ ድምፁን በአደባባይ የሰጠው ድሃ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የማንኛውንም ምርጫ ታሪክ ስታነብ ማን አሸነፈ ብለህ አታቁም። ማን እንዲመርጥ ተፈቀደለት? ሲመርጥስ ማን ይሰማው ነበር? ከድሉ በኋላ መብቱን ያጣው ማን ነው? የሚሉትንም ጠይቅ። የክሌር ጭሰኞችን ከወኪሉ ጆሮ ሊጠብቃቸው ይችል የነበረው የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ ሕግ የወጣው በ1872፣ ከ44 ዓመት በኋላ ነው።