የመቀሌ ውሃ የበላው ድንጋይ

በሓወልቲ ክፍለ ከተማ ለጥቂት ወራት ሻይ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ቢያዩት ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ቦይለሩም፣ የሻወሩ ወንፊትም፣ ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታም እንዲሁ ነው። ሰዉ «ውሃው ጨው አለው» ብሎ ያልፈዋል። በኬሚስትሪ አነጋገር አልተሳሳተም፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ግን አይደለም። ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ከከተማዋ ሥር ካለው ድንጋይ ተሟሙቶ በጉድጓድና በቧንቧ አልፎ ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደገና ድንጋይ የሆነ።

ውሃ ድንጋይን እንዴት ያሟሟል? አንድ የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው፤ ሦስቱ የተያያዙት ግን ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን ጎበጥ ብለው ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ በእሱ በኩል ጥቂት ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ጥቂት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖራል። የአሞሌ ስባሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ፖዘቲቩን ሶዲየም በኦክስጅን ጎናቸው፣ ኔጌቲቩን ክሎራይድ በሃይድሮጅን ጎናቸው ይከቡታል፤ ሙሽራዋን ከቤተሰቧ መሃል ከብበው እንደሚያወጡ ሚዜዎች እያንዳንዱን ነጥለው ይወስዱታል። ስኳር እንዲህ ባለ ቻርጅ ባይከፋፈልም ከውሃ ጋር የሚያያዝበት ብዙ ጫፍ ስላለው ይሟሟል። ዘይት ሁለቱም የለውምና ላይ ሆኖ ይንሳፈፋል።

የሟሟና የደፈረሰ አንድ አይደሉም። የክረምት ጎርፍ የሚያመጣው ጭቃ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ነው ያለው፤ ጀሪካኑ ካደረ ይዘቅጣል፣ በጨርቅም ይጠለላል። የሟሟ ነገር አይዘቅጥም፣ ጨርቅም ሆነ የተለመደው የቤት ማጣሪያ አይዘውም፣ ለዓይንም አይታይም። ለዚህ ነው ጥርት ያለ ውሃና ንጹህ ውሃ የተለያዩ የሚሆኑት።

የመቀሌ አካባቢ ድንጋይ ለውሃ ሁለት ዓይነት ምግብ አቅርቦለታል። የመጀመሪያው የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ባሕር አገሩን ሸፍኖት በነበረ ጊዜ በአብዛኛው ከባሕር ፍጥረታት ዛጎል የተጠራቀመ። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው ይኸው የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በንጹህ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1 ሊትር 14 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ግን ከዕፅዋት ሥርና ከጥቃቅን ሕዋሳት ትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፤ ለስላሳ መጠጥ የሚያፍለቀልቀው ጋዝ ማለት ነው። ጋዙ ውሃውን በመጠኑ አሲድ ያደርገዋል፣ አሲዱም የኖራ ድንጋዩን ካልሲየም ካርቦኔት ወደ ባይካርቦኔት ይቀይረዋል፤ ያን ጊዜ በአንድ ሊትር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ይሟሟል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለውን የዓይናለም የጉድጓድ ውሃ መስክ ጨምሮ መቀሌ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከዚህ መሬት የተቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ማንቆርቆሪያው ሲፈላ የሚሆነው ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ጋዙን ያባርረዋል፣ ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ካርቦኔት ይሆናል፣ ውሃው ሊሸከመው ያልቻለውም በብረቱ ላይ ይጋገራል። አቼቶ ወይም ሎሚ የሚያስለቅቀው ለዚህ ነው፤ አሲዱ ሲነካው የሚያፍለቀልቀው ያው የተባረረው ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ከአንጣሎ በላይ በተነጠፈው የአጉላዕ ድንጋይ ውስጥ ጂፕሰም ይገኛል፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ሰልፌት። ጂፕሰም የጋዝ እገዛ አያስፈልገውም፤ በ1 ሊትር እስከ 2 ግራምና ከዚያም በላይ በራሱ ይሟሟል። ሲፈላም በቀላሉ አይለቅም። እንዲያውም ብዙ በተፈላ ቁጥር ውሃው ስለሚተን የቀረው ይወፍራል። «አፍልተህ ጠጣ» የሚለው ምክር ለጀርም እንጂ ለሟሟ ማዕድን አይሠራም። እንዲህ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበትን ደንዳና ውሃ ልብስ አጣቢ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ሳሙናው አረፋ መስጠቱን ትቶ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ኦሞ የተሻለ የሚያጥበው ከካልሲየም ጋር እንዲያ ስለማይጣበቅ ነው። ለጤና ግን ካልሲየም ጠላት አይደለም፤ ደንዳና ውሃ መጥፎ ስም ያተረፈው ከሆድ ይልቅ በዕቃ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ሦስተኛው ድንጋይ ከመቀሌ ሥር የለም፤ ግን ከተማዋ የአሞሌ ገበያ ሆና የኖረችው በእሱ ነው። በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ፣ አሳሌ ላይ የሚጠረበው ጨው በግመል በብራሕለ በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል፤ አሞሌው ለዘመናት በገንዘብነትም አገልግሏል። ይህ ጨው ቀይ ባሕር በጥንት ጊዜ ዝቅተኛውን ምድር አጥለቅልቆ ከተነነ በኋላ የቀረ ነው። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 360 ግራም ያህል ይሟሟል፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር ከሥር ይቀመጣል እንጂ አይሟሟም። ውሃው ጠግቧል ይባላል። ከጨው የሚያስገርመው ለሙቀት ግድ የሌለው መሆኑ ነው፤ የፈላ ውሃ ከቀዝቃዛው ብዙም አብልጦ አያሟሟውም። ስለዚህ ጨውን ከውሃ ማውጣት የሚቻለው በማቀዝቀዝ ሳይሆን ውሃውን በማትነን ነው። አፍዴራ ላይ የሐይቁን ውሃ በሰፋፊ ገንዳዎች አስተኝቶ ለአፋር ፀሐይ መተው የሚበቃው ለዚህ ነው።

የባሕር ውሃ ሲተን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጥልም። መጀመሪያ ካርቦኔቱ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ ጨው፣ በመጨረሻ ደግሞ በዳሎል አካባቢ የሚፈለገው ፖታሽ ይዘቅጣል። ውሃ ለመሸከም የሚቸገርበትን አስቀድሞ ይጥላል፤ የሚወደውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል። ከአንጣሎ ተነስቶ በአጉላዕ ጂፕሰም አልፎ አሳሌ የወረደ መንገደኛ፣ የድንጋዮቹ ዕድሜም አወላለድም ቢለያይም፣ ይህንኑ ቅደም ተከተል በእግሩ ተከትሏል ማለት ይቻላል።

ጥርት ያለ ውሃ የሚደብቀው ሁልጊዜ እንዲህ ገራም አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ችግሩ ፍሎራይድ ነው። በወንጂ ስኳር እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ከመበለዙም በላይ አጥንታቸው ተጎድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን ያህል መጠን ምላስም ዓይንም አይለየውም፤ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

የሟሟ ነገር መጠን ሕይወት የሚሆንበት ቦታ ደግሞ አለ። የሆስፒታሉ ግሉኮስ ያልተቀላቀለበት ሳላይን በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው ነው፤ ከደማችን ጋር የሚመጣጠን። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በ1 ሊትር 2.6 ግራም የምግብ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል። ስኳሩ ለጣዕም አልገባም። ተመራማሪው ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳቀረበው በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ በአንድ በር አብረው ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ውሃው ካነሰ ጨዉ ስለሚበዛ ልጁን ሊጎዳው ይችላል፤ ከበዛም መድኃኒቱ ይቀጥናል። የ1 ሊትር ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የሚበጠብጥ ሰው ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ውሃ መለካት አለበት፤ ፓኬቱን ለሁለት ከፍሎ በዓይን ግምት መበጥበጥ ግን አይመከርም።