የመጀመሪያው የዒላማ ሽጉጥ፦ ምርጫው ከቃታና ከእጀታ ይጀምራል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2024 በፈረንሳይዋ ሻቶሩ ከተማ በተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ የተኩስ ውድድር ላይ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የ51 ዓመቱ ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሌሎች ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉትን ልዩ ሌንስና የዓይን መከለያ ትቶ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ያልማል። ከቡድን ጓደኛው ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ያገኘው የብር ሜዳሊያ ለቱርክ በተኩስ ስፖርት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ።

ብዙ የተባለለት ሰውዬው ስላላደረገው ነገር ነው። በቀኝ እጁ ስለያዘው ግን እምብዛም አልተወራም። ዲኬች የያዘው ባሩድ የሌለው፣ በታመቀ አየር የሚሠራና 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የእርሳስ እንክብል የሚተኩስ ሽጉጥ ነበር። ለዚህ ስፖርት የሚመዘገብ ጀማሪ በአብዛኛው በሐሳቡ የሚሥለው ይህን አይደለም፤ በፊልም ያየውን፣ ፖሊስ ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው። ገንዘቡም ጥረቱም ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚሁ ምርጫ ነው።

የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን በሚያዘው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ዒላማ ላይ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው መካከለኛ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንክብሏ የክቡን ጠርዝ ከነካች ነጥቡ ስለሚቆጠር፣ ተኳሹ ከመሐል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቢስት እንኳ አሥር ያገኛል። ጀማሪው በዚህ ጊዜ ክንዱ ሲወዛወዝ አይቶ ይደነግጣል። ይሁንና የክንድ መወዛወዝ የሚፈራውን ያህል አይጎዳም። ሽጉጡ አቅጣጫውን ሳይለውጥ በሙሉ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት እንክብሏም ዒላማው ላይ የምትስተው 1 ሚሊ ሜትር ነው።

ከባዱ ስሕተት የማዕዘን ስሕተት ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 320 ሚሊ ሜትር በሆነ የውድድር ሽጉጥ፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከኋላው ክፍተት መካከል በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ እንክብሏ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ትስታለች። ነጥቡ ከአሥር ወደ ሰባት ይወርዳል ማለት ነው። ይኸው ስሕተት በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 150 ሚሊ ሜትር ብቻ ባለው አጭር ሽጉጥ ቢፈጸም ስሕተቱ ወደ 67 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ነጥቡም ሁለት ነው። ሁለቱን የተኮሰው ያው አንድ እጅ ነው። በአጭሩ ሽጉጥ የጀመረው ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ማዕዘኑን የሚያዛባው ማን ነው? በአብዛኛው ጠቋሚ ጣት ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ የአየር ሽጉጥ ቃታ ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት፤ ሽጉጡ ራሱ እስከ 1,500 ግራም ሊመዝን ቢችልም ብዙዎቹ የውድድር ሽጉጦች ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋሉ። ስለዚህ ጣት ቃታውን የሚስብበት ኃይል ከሽጉጡ ክብደት ግማሽ ገደማ ነው። ለአገልግሎት ከተሠሩ ሽጉጦች መካከል ባዶውን ከ700 ግራም የማይበልጥ፣ ቃታው ግን 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ማግኘት አያስቸግርም። በዚያ ጊዜ ጣት የሚስበው የሽጉጡን ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ያ ጉልበት ቀጥታ ወደ ኋላ ካልሄደ፣ ከጀማሪ እጅ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም፣ አፈሙዙ ከመተኮሱ በፊት ዞሮ ይገኛል።

ከዚህ የባሰ ጉዳት ግን የሚደርሰው በሰውነት ትምህርት ላይ ነው። ከፍተኛ ድምፅና ወደ ኋላ የሚገፋ ምት ያለው ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር አንጎል የሚመጣውን አስቀድሞ መጠበቅን ይለምዳል። ዓይን ይጨፈናል፣ የእጅ አንጓ ምቱን ለመመከት ወደ ታች ይገፋል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ነው። ተኳሹ ራሱ አያውቀውም። አሠልጣኞች የሚያጋልጡት በቀላል ዘዴ ነው፤ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ተማሪው ሳያይ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ያስገባሉ። ቃታው ሲሳብ ምንም አይፈነዳም፣ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ሲሰግድ ሁሉም ያየዋል። ይህ ልማድ አንዴ ከሰረጸ ለማስለቀቅ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። የአየር ሽጉጥ ምቱም ድምፁም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ሰውነት የሚፈራው ነገር አያገኝም።

ከቃታ ቀጥሎ የሚታየው እጀታ ነው። የዒላማ ሽጉጥ እጀታ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ተቀርጾ፣ እንደ መዳፉ መጠን በተለያየ ቁጥር፣ ለቀኝና ለግራ እጅ ለየብቻ ይሠራል። በዚህ ረገድ የሃንጋሪው ካሮይ ታካች ታሪክ አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ከጎዳበት በኋላ በግራው መተኮስን ተምሮ በ1948 ለንደን፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ለጀማሪ የሚሆነው ፍተሻ ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው። ባዶውን ሽጉጥ በደንቡ መሠረት ወደ ዒላማው አቅጣጫ ያነሣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ክንዱን ያሳርፋል፣ ከዚያም ይገልጣል። ማነጣጠሪያዎቹ ያለ ምንም ማስተካከያ ቀጥ ብለው ከተገኙ እጀታው የእሱ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብሉ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሽጉጡ የሌላ ሰው ነው።

በገበያ ላይ ያሉት የአየር ሽጉጦች የአሠራር ልዩነት አላቸው። ስቴየር፣ ፋይንወርክባው፣ ዋልተርና ሞሪኒ የመሳሰሉት አምራቾች የዛሬ የውድድር ሽጉጦቻቸውን የሚሠሩት 200 ባር ያህል የታመቀ አየር በሚይዝ ሲሊንደር ነው፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። የሩሲያው ባይካል ኢዥ-46 ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ረጅም ማንሻውን አንድ ጊዜ በመግፋት አየሩን ራሱ ተኳሹ ያምቃል። ሲሊንደርም መሙያም አያሻውም፤ ስልሳ ጊዜ ማንሻ መግፋት ግን ክንድን ያደክማል። ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሲሊንደሩን ቀን ነው። በውድድር ደንብ የሲሊንደር ዕድሜ ከአሥር ዓመት መብለጥ ስለሌለበት፣ ርካሽ የመሰለው ሽጉጥ አዲስ ሲሊንደር ሲጨመርበት ርካሽነቱ ሊቀር ይችላል።

ባሩዱን የግድ የሚፈልግ ጀማሪ ቀጣዩ ደረጃ ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ በተለምዶ «ሃያ ሁለት» የሚባለው ነው። ምቱ ለስላሳ፣ ጥይቱም ከ9 ሚሊ ሜትሩ የረከሰ ነው፤ ነገር ግን ጆሮ መሸፈኛ የግድ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ከሳይንሱ እኩል የሚያሳስበው ሕጉ ነው። በጀርመን ኃይላቸው ከ7.5 ጁል የማይበልጥና በባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ ውስጥ የ«ኤፍ» ምልክት የታተመባቸውን የአየር ሽጉጦች 18 ዓመት የሞላው ሰው መግዛት ይችላል፤ ለባለ ባሩዱ ግን የስፖርት ተኳሽ ቢያንስ የ12 ወር የክለብ ልምምድና የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በብሪታንያ ከ1997 ወዲህ አብዛኞቹ ባለ ባሩድ ሽጉጦች ታግደዋል፤ በስኮትላንድ ደግሞ ለአየር ሽጉጥም ፈቃድ ይጠየቃል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የአየር ሽጉጥን እንደ ጦር መሣሪያ ባይቆጥርም ኒው ጀርዚ ይቆጥረዋል። በጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ የሚኖር ሰው ደግሞ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ባለ ባሩድ መሣሪያም ሆነ ጥይት በእጁ እንዳይገኝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል፤ ክልከላው በተኩስ ሜዳ ለአንድ ሰዓት የሚከራየውንም ይጨምራል። ጓደኛ ስለጋበዘ ብቻ የሚደረግ የአንድ ቀን መዝናኛ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ ከባድ መዘዝ ሊያስከትል ይችላል።

እንግዲህ ጀማሪው ለመግዛት የሚቸኩልበት ምክንያት የለም። ብዙ ክለቦች ለአዲስ አባላት የሚያውሱት የአየር ሽጉጥ አላቸው። ሁለት ሦስቱን በየተራ ሞክሮ፣ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ ተኩሶ፣ የተበሳውን ወረቀት የሽጉጡን ስም ጽፎበት ቢያስቀምጥ ሻጭ የማይነግረውን ያነብበታል። ሲጨርስም፣ ምንም እንኳ እንክብሎቹ ትንንሽ ቢሆኑ እርሳስ ናቸውና፣ ቡናውን ከማንሣቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል።