ዶሮ በዋፍል፦ በእራትና በቁርስ መካከል የተወለደ ማዕድ

እሑድ ረፋድ ነው፤ ለቁርስ የረፈደ፣ ለምሳ ያልደረሰ ሰዓት። ከቅዳሴ ወጥተን ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ ጎዳና ላይ ከሚገኘው የሮስኮ ዶሮና ዋፍል ቤት በር ተሰልፈናል። ከፊታችን ከነባርኔጣቸው ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች፣ ከኋላችን የሌሊት ተረኛ መሆናቸው ከልብሳቸው የሚታወቅ ሁለት ነርሶች ቆመዋል። በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት የኖረችው አክስቴ ያመጣችኝ አንድ ሳህን ላስቀምስሽ ብላ ነው።

ሳህኑ ሲቀርብ ትኩስ ዋፍል፣ ከላዩ የሚቀልጥ ቅቤ፣ አጠገቡ የተጠበሰ ዶሮ፣ በትንሽ ዕቃም ጣፋጭ ሽሮፕ ይዟል። እኛ ዶሮን የምናውቀው በሽንኩርትና በበርበሬ፣ በአሥራ ሁለት ብልት ተለይቶ በወጥ ነው። ዶሮ ላይ ጣፋጭ ማፍሰስ ለጆሮም ይከብዳል። ሽሮፑን ወደ ዳር ገፍቼ ዶሮውን ብቻውን ልጀምር ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «ለየብቻ አትብዪው፣ ልጄ። ከዋፍሉም ከዶሮውም ቁረጪና አንድ ላይ ጉረሺ።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። መጀመሪያ የዶሮው ቆዳ ከጥርስ ሥር ተሰበረ፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬው መጣ፤ ወዲያው ለስላሳው ዋፍል ተከተለና ጣፋጩ ጨዉን አለዘበው። ያን ጊዜ ፈጢራ ትዝ አለኝ፤ እንቁላልና ማር በአንድ ቂጣ ላይ ሲገናኙ እኛም አልተገረምንም። እንግዳ የሆነብኝ የተጣመሩት ምግቦች ነበሩ እንጂ፣ ማጣመሩስ የእኛም ነው።

ዋፍል ከአውሮፓ የመጣ ነው። ስሙ ከደች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን በጀርመን ቋንቋዎች ከማር እንጀራ ስም ጋር ይዛመዳል፤ መልኩን ላየው ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዱቄት፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከቅቤ የተበጠበጠው ሊጥ በማጠፊያ በተያያዙ ሁለት የጋሉ ብረቶች መካከል ይፈስሳል። ብረቶቹ ሲገጠሙ ጥልፍልፋቸው ሊጡ ላይ ይታተማል። በዚህም ሙቀት የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ውጩ ይደርቃል፣ ውስጡ እንደለሰለሰ ይቀራል፤ ጉድጓዶቹም ቅቤውንና ሽሮፑን ያጠራቅማሉ። ከብረቱ የሚወጣው እንፋሎት ሲቀንስ ዋፍሉ ደርሷል ማለት ነው። ኮርኔሊየስ ስዋርትዋውት የተባለ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሰው እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ የዋፍል ብረት የፈጠራ መብት አግኝቷል።

ዶሮው የሚመጣው ከሌላ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በብዙ ቦታ ከብት እንዳይኖራቸው ሲከለከሉ ዶሮ ግን ያረቡ ነበር። በስብ የመጥበሱና በቅመም የማጣፈጡ ሙያ በእጃቸው ዳበረ። ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላም ይህ ሙያ እንጀራ ሆነ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጎርደንስቪል በተባለች የባቡር መገናኛ ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ በትሪ ተሸክመው እስከ ባቡሩ መስኮት ድረስ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በዚያ ገንዘብ ቤት የሠሩ አሉ። በድሬዳዋ ባቡር መስመር ከመስኮት ሥር ቆመው ሲሸጡ የነበሩትን እናቶቻችንን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ዶሮ የእሑድም ክብር ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሰባኪው የሚቀርበው እሱ ስለሆነ «የወንጌል ወፍ» የሚል ስም ወጣለት።

በፔንሲልቬኒያ ከጀርመን የፈለሱ ገበሬዎችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋፍልን ከዶሮ ጋር ይበሉ ነበር። የእነሱ ዶሮ ግን ተቀቅሎ በመረቁ የሚፈስስ ነው፤ ጣፋጭ አይነካውም። ዛሬ በዓለም የታወቀው፣ ዋፍል ከተጠበሰ ዶሮ ጋር የሚቀርብበት ሳህን ግን ዝናውን ያገኘው ኒውዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ ነው።

ከ1910ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ሲሰደዱ የምግብ ሙያቸውን ይዘው ሄዱ። ጆሴፍ ዌልስ በ1938 በሐርለም ሰባተኛ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቱን ከፈተ። የጃዝ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ ሌሊቱ ተጋምሷል። ለእራት መሽቷል፣ ለቁርስ አልነጋም፤ ሆድ ግን ሰዓት አይጠብቅም። ዌልስ የእራቱን ዶሮና የቁርሱን ዋፍል በአንድ ሳህን አቀረበላቸው። ማጣመሩን የፈለሰፈው እሱ አይደለም፤ ስም ያሰጠው ግን ያ ሰዓት ነው። ከዚያ ቤት ጥቂት ጎዳናዎች አለፍ ብሎ በአገራችን የቀድሞ ስም የሚጠራው፣ ከ1808 ጀምሮ የኖረው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ጎብኝተውታል።

የሐርለሙ ተወላጅ ኸርብ ሀድሰን ይህን ሳህን ወደ ሎስ አንጀለስ ወስዶ በ1975 የመጀመሪያውን የሮስኮ ቤት ከፈተ። ዛሬ ቤቶቹ በከተማይቱና በአካባቢዋ በርክተዋል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2011 ጎራ ብለው ከዝርዝሩ ዘጠነኛ ቁጥር የሆነውን የክንፍ ሳህን ካዘዙ በኋላ ሳህኑ በስማቸው ተጠርቷል። ከፒኮው ቤት እስከ ፌርፋክስ ጎዳና፣ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ እስከተሰየመው ሰፈር፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። አክስቴ ሁለቱንም ሰፈሯ የምትላቸው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ምስጢር ትዕግሥት ነው። ዶሮው ጨው በገባበት አሬራ ውስጥ ያድራል፤ ኮምጣጣነቱ ሥጋውን ያለሰልሳል። በማግስቱ ቅመም በተቀላቀለበት ዱቄት ይለወስና 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ዶሮው ዘይት ይጠጣል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከአጥንቱ አጠገብ ሙቀቱ 74 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል። ዋፍሉ በመጨረሻ ይጋገር፤ የቆየ ዋፍል ይለሰልሳል። ሽሮፑ እውነተኛ የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ ከሆነ ለአንድ ሊትር 40 ሊትር ያህል የዛፍ ፈሳሽ ስለሚፈላ ዋጋው ውድ ነው፤ በቀጭኑ የፈሰሰ ጥሩ ማር ሊተካው ይችላል። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ስላለበት ጾመኛ ቀኑን ይምረጥ።

ቁርስና ምሳን ያጣመረውን የእሑድ ማዕድ «ብረንች» ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጋይ ቤሪንገር ነው፤ ዘመኑም 1895። ሰዓቱ ግን ከስሙ በፊት ነበረ። ከሥራም ከጸሎትም የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ በወጉ ሰዓት አይራብም። የሐርለም ሙዚቀኛ ሌሊቱን ሲጫወት አሳልፎ፣ እነዚያ ነርሶች በሽተኛ ሲጠብቁ አድረው፣ አክስቴም ከንጋት ጀምራ ሳትቀምስ ቅዳሴ ቆማ የደረሱት እዚሁ ሳህን ላይ ነው።

ሂሳቡን ከፍለን ስንወጣ ሰልፉ አላጠረም። አክስቴ የተረፈውን አንድ ቅልጥም በወረቀት አስጠቅልላ በቦርሳዋ ያዘች። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ባልሽ ዛሬ ታክሲውን የሚያቆመው 10 ሰዓት አይደል?» አለችኝ።