ከስልኩ ስም በፊት የቺፑን ስም

የተሰበረ ስክሪን እዚህ በራያዋ ቆቦ ከተማ ይቀየራል። የደከመ ባትሪም ይቀየራል፤ ፎቶ ማስቀመጫ የጠበበው ሰው ሚሞሪ ካርድ ይጨምራል። ቺፑ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ነው። ስልኩ ሲገዛ ደካማ ከነበረ እስኪጣል ድረስ ደካማ ነው። ስለዚህ ሞባይል ቤት የገባ ሰው ካሜራውንና ቀለሙን ከማየቱ በፊት «ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ የማያውቀው ከሆነ የስልኩን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው።

ፕሮሰሰር የምንለው አንዱ ቺፕ ብዙ ሥራ ይዟል። ስሌት የሚሠሩት ኮሮች፣ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ የካሜራውን ጥሬ ምስል የሚያጠራው ክፍልና ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ሞደም ሁሉም እዚያው ላይ ናቸው። ካርቶኑ ላይ «50 ሜጋፒክስል» በትልቁ ይጻፋል፤ ማታ ሰርግ ላይ የተነሳው ፎቶ መጥራትና መደብዘዙ ግን የቺፑም ጉዳይ ነው።

ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የያዘው ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ቺፑ ግን ተሠርቶ ከውጭ የሚመጣ ነው። ርካሽና መካከለኛ ስልኮች ላይ በብዛት የሚገኙት የታይዋኑ ሚዲያቴክ «ሄሊዮ» የሚላቸውና የሻንጋዩ ዩኒሶክ ቺፖች ናቸው። የአሜሪካው ኳልኮም «ስናፕድራገን»ን፣ ሳምሰንግ ደግሞ «ኤክሲኖስ»ን ይሠራሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያሉት ኮሮች የእንግሊዙ አርም ኩባንያ ባወጣው ሥርዓት ላይ የቆሙ ናቸው፤ በርካሾቹ ላይ ደግሞ ንድፉ ራሱ የአርም ነው። የኮሩን ስም ያወቀ ሰው፣ የስልኩ ማስታወቂያ ምንም ቢል፣ ዕድሜውንና ጉልበቱን መገመት ይችላል።

ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሄሊዮ ጂ35 እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ቺፕ ነው፤ ስምንት ኮር፣ 2.3 ጊጋኸርዝ። በዚያው ዓመት የወጣው ሄሊዮ ጂ85ም ስምንት ኮር ነው፤ ፍጥነቱ ግን 2.0 ጊጋኸርዝ ብቻ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ተሳስቷል። የጂ35 ስምንቱም ኮሮች አርም እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቃቸው ኮርቴክስ ኤ53 ናቸው፤ ኃይል ለመቆጠብ የተነደፉ ትንንሽ ኮሮች። ጂ85 ግን ከስድስት ትንንሽ ኤ55 ጋር ሁለት ትልልቅ ኤ75 አለው፤ ሁለቱም ዓይነቶች የ2017 ንድፍ ናቸው። ስምንት ጥጃ ቢጠመድ የአንድ ጥማድ በሬ እርሻ አይወጣም። ቴሌብር ሲከፈት፣ ፎቶ ሲነሳ፣ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ ሲዘለል ሥራው የሚወድቀው በእነዚያ ሁለት ትልልቅ ኮሮች ላይ ነው። እነሱ የሌሉበት ስልክ ነው ቶሎ ስታክ የሚያደርገው። «ስምንት ኮር» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንቱ ትልቅ ነው?» ብሎ ነው።

ለራያ ቆላ ግን ከፍጥነቱም በላይ ሙቀቱ ያሳስበኛል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አፕል አይፎኑን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እንዲጠቀሙበት ይመክራል፤ ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት የራያ ሜዳ ቀን ቀን ወደዚያው ይጠጋል፣ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ጸሐይ የሚመታው ስልክ ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ስልክ ማራገቢያ የለውም። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በጥላ ሲሞከር ፈጣን የነበረው ስልክ እኩለ ቀን ላይ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው።

«ናኖሜትር» የሚባለው ቁጥር ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የቺፑን አሠራር ትውልድ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን ለዚያው ሥራ የሚበላው ኤሌክትሪክ ያንሳል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ጂ85 በ12 ናኖሜትር የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሄሊዮ ጂ99 በ6። በሳምሰንግ ስልኮች ጋላክሲ ኤ05 ጂ85ን ይዟል፤ የ4ጂው ኤ15 ደግሞ ጂ99ን። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለእኔ ከምንም በላይ የባትሪና የሙቀት ልዩነት ነው። ቆቦ ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን በያዘባቸው ወራት መብራትም ኔትወርክም ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው አንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት ማቆየት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ስለ ራም አጭር ነገር ልበል። «8+8 ጂቢ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛው ስምንት ራም አይደለም፤ ከማስቀመጫው ላይ የተበደሩት ቦታ ነው። ማስቀመጫ ከራም በብዙ እጥፍ የዘገየ ስለሆነ ደካማ ቺፕን አያድንም። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ መቁጠር ይበቃል።

የሞዴሉን ስም ማወቅም ሁልጊዜ በቂ አይደለም። የ4ጂው ጋላክሲ ኤ14 አንዱ ሄሊዮ ጂ80፣ ሌላው ኤክሲኖስ 850 ይዞ ተሽጧል፤ ካርቶኑ ላይ ስማቸው አንድ ነው። ከዚህ የባሰው አስመስለው የተሠሩት ስልኮች ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ «ስናፕድራገን» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ የሚገኘው ኤምቲ6580 ሊሆን ይችላል፤ አራት ኮር ያለውና 4ጂ ጨርሶ የማይዝ አሮጌ ቺፕ። ስለዚህ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ አፕሊኬሽን ከፕሌይ ስቶር አውርዶ፣ ብር ከመክፈል በፊት፣ የቺፑንና የኮሮቹን ስም ማየት ነው። ከዚያ ሲም አስገብቶ ዳታ ከፍቶ ለአሥር ደቂቃ ቪዲዮ መቅረጽና የስልኩን ጀርባ በእጅ መንካት። በዚያ ጊዜ ውስጥ መያዝ እስኪያቅት የሚግል ስልክ ሰኔ ላይ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ያገለገለ ትልቅ ስልክ የሚያማልላቸው አሉ፤ እረዳቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የጋላክሲ ኤስ10 ቺፕ ዛሬም ከጂ85 በእጅጉ ይበረታል። ሆኖም ሳምሰንግ የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን በ2023 አቁሟል፤ ባትሪውም ያረጀ ነው። ባትሪ ማስቀየሪያውን ዋጋው ላይ ደምሮ የሚያስብ፣ በስልኩም ገንዘብ የማያንቀሳቅስ ሰው ይግዛው። ቴሌብርና የባንክ ሒሳቡ ስልኩ ላይ ላለ ነጋዴ ግን አዲሱን ባለ ጂ99 እመርጥለታለሁ።