ያልተነሣ ጓዝ

አንድ ሰው ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ ሲዛወር ጓዙን የሚያጓጉዝለት ዩ.ኤስ.ኤም.ቲ. የተባለ የማይክሮሶፍት መሣሪያ አለ። «ስካንስቴት» የተጠቃሚውን ፋይል ሰብስቦ ብዙ ጊዜ በሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፤ «ሎድስቴት» ደግሞ ከዚያ አንሥቶ በአዲሱ ላይ ያራግፋል። ነገር ግን ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ጆንያው እንደ ሞላ ይቀራል። ደብዳቤያችን፥ የመመረቂያ ጽሑፋችን፥ የግል ፎቶግራፋችን ሳናውቀው እዚያ ተኝቷል ማለት ነው፤ በምስጢር ቍልፍ ካልተዘጋ ወደ ማኅደሩ መግባት የሚችል ሁሉ ያየዋል።

ማኅደሮቹ በመቶ ሲቈጠሩ በእጅ ማጥፋት አይሞከርም፤ ስክሪፕት፥ ይኸውም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ይዘጋጃል። «ከ30 ቀን ያለፈውን ሁሉ አጥፋ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ባለቤቱ ታሞ ጓዙን ገና ያልተረከበ እንደ ሆነስ? አሮጌው ኮምፒዩተር አስቀድሞ ተጠርጎ ከሆነ የቀረው ቅጂ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ በመጀመሪያ የሎድስቴትን መዝገብ ይመልከት፤ ሥራው በ0 ካልተፈጸመ (በዚህ ቤት 0 የማለፊያ ነጥብ ነው!) ማኅደሩን አይንካ። ቀጥሎም በፓወርሼል «ዋትኢፍ» የምትለዋ ቃል ተጨምራ ሊጠፋ የታሰበው ሁሉ ሳይጠፋ ይዘርዘር፤ ዝርዝሩንም ሰው ያንብበው። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በሃርድሊንክ የተቀመጠና አልጠፋም ያለ ማኅደር ቢገጥም ለዚሁ የተሠራው «ዩኤስኤምቲዩቲልስ» አለ።