ያውቁ ኖሯል?

በዘፍጥረት 1፥2 በውኃ ላይ ሰፍፎ የነበረው የእግዚአብሔር መንፈስና በ8፥1 የጥፋት ውኃውን ያጎደለው ነፋስ በዕብራይስጥ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ሩአሕ» ናቸው።

ቃሉ በብሉይ ኪዳን 380 ጊዜ ገደማ ይገኛል። እንደ አገባቡ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ፣ አንዳንዴም አቅጣጫ ይሆናል፤ ተርጓሚው በየቦታው አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ግድ ይሆንበታል። በዘፍጥረት 3፥8 ዕብራይስጡ ሰዓቱን «የቀኑ ሩአሕ» ይለዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚነሳውን ነፋሻ አየር ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ እትም ግን ነፋሱን ትቶ መምሸቱን ብቻ ይነግረናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሕዝቅኤል 37፥9 ነው። የደረቁት አጥንቶች ነፍስ እንዲዘሩ እስትንፋሱ በሚጠራበት በዚህ አንድ ቁጥር ቃሉ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ አራቱ ነፋሳትም፣ በሙታኑ ላይ እፍ የሚለው እስትንፋስም እሱው ነው።

የግሪኩ «ፕኔውማ»ም ጠባዩ ይኸው ነው፤ በዮሐንስ 3፥8 ነፋስም መንፈስም ሆኖ ይገባል። አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ ነፍስና መንፈስ ከአንድ ሥር ስለበቀሉ ዝምድናቸው ለጆሮም ይሰማል።